ከጂቡቲ ወደብ እስከ በዴሳ መጋዘን

በአገራችን በዴሳ የሚባል ከተማ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛዋ በምዕራብ ሐረርጌ ያለችው የቡና አገር ስትሆን፣ ዛሬ የምንነጋገርባት በወላይታ ዞን ከሶዶ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው የዳሞት ወይዴ ወረዳ ከተማ ናት። በጭነት ማዘዣ ላይ «በዴሳ» ብቻ ብሎ ያለፈ ጸሐፊ ካሚዮኑን ወደ ሌላ አገር ሊሰደው ይችላል። ሎጂስቲክስ የሚባለው ትምህርት ከሩቅ ሲያዩት የከበደ ቢመስልም መነሻው ይኸው ነው፤ ምን፣ ምን ያህል፣ ለማን፣ የት፣ እስከ መቼ የሚሉትን አጣርቶ መጻፍ።

ቃሉ ባዕድ ይሁን እንጂ ሥራው ለእኛ ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን ስንቅና ትጥቅ ይሉት ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀ ሄዶ ነበር፤ ጄኔራል ባራቲዬሪን ለውጊያ ካስነሡት ምክንያቶች አንዱም ለሠራዊቱ የቀረው ቀለብ የጥቂት ቀን ብቻ መሆኑ ነው።

የበዴሳ ገበሬ ጉዳይ ግን ማዳበሪያ ነው። ወላይታ በቆሎውን የሚዘራው በበልግ ስለሆነ፣ ዝናቡ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ጣል ሲያደርግ ገበሬው በሬውን ይጠምዳል። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር አብሮ መሬት መግባት አለበት፤ ዘሩ ከበቀለ በኋላ ቢመጣ ጥቅሙ እጅግ ያንሳል። ዩሪያው ደግሞ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ቈይቶ የሚጨመር ነው። እንግዲህ ለአንዱ ማሳ ሁለት ዐይነት ጆንያና ሁለት ቀጠሮ አለ ማለት ነው። የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ ዋና ዘር ግን የክረምት ነው። በመጋቢት ጂቡቲ የደረሰ መርከብ ለጎጃም ቀድሞ የመጣ ሲሆን፣ ያው መርከብ ለበዴሳ አርፍዷል። አዲስ አበባ ተቀምጦ የአገሩን ድምር ብቻ የሚያይ ሹም ይህን ልዩነት ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ቀኑ የሚቈጠረው ከመርከቡ ሳይሆን ከዝናቡ ወደ ኋላ ነው። ጆንያው በየካቲት መጀመሪያ በዴሳ እንዲገኝ ከተፈለገ፣ መርከቡ ከዚያ አስቀድሞ ወደብ መድረስ፣ ከዚያም በፊት ዕቃው ተገዝቶ መጫን፣ ከዚያም በፊት ጨረታው መከፈትና የውጭ ምንዛሪው መፈቀድ አለበት። ለመጋቢት የሚሆነው ማዳበሪያ አሳብ ያለፈው ዓመት ክረምት ገና ሳይወጣ ይጀመራል ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ዘግይቶ የአማራ ክልል ገበሬዎች አቤቱታ ባሰሙ ጊዜ ብዙ ሰው ዐይኑን ወደ መንገዱና ወደ መጋዘኑ አዙሮ ነበር። እኛ ግን መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ዕቃው መንገድ ላይ ሳለ ሳይሆን ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው እንላለን።

መንገዱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በአሰብ መጠቀም ቀርቶ አብዛኛው የአገራችን የባሕር ንግድ በጂቡቲ በኩል ይተላለፋል። አንባቢ እርሳሱን ይዞ ከእኛ ጋር ያስላ። 50,000 ቶን የጫነ አንድ መርከብ በ50 ኪሎ ጆንያ ሲከፋፈል 1,000,000 ጆንያ ይሆናል። አንድ ባለ ተሳቢ ካሚዮን 400 ኩንታል፣ ማለትም 800 ጆንያ ቢጭን፣ ያንን መርከብ ለማራገፍ 1,250 ጕዞ ያስፈልጋል። በቀን 100 ካሚዮን ቢነሣ ሥራው ዐሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ያልቃል፤ 50 ብቻ ቢገኝ ግን 25 ቀን ይፈጃል። ከውሉ ቀን በላይ ለቈመ መርከብ ደግሞ በየቀኑ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል።

ካሚዮኑ ሶዶ ሲደርስ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ ወዲያ ጭነቱ ወደ ትንንሽ መኪና ይዞራል፤ 50 ኩንታል የሚይዝ አይሱዙ 100 ጆንያ ያህል ይወስዳል፤ ከቀበሌው መጋዘን እስከ ማሳው ድረስ ደግሞ አህያ አንድ ጆንያ ትሸከማለች። ከ800 ወደ 100፣ ከ100 ወደ አንድ! የአንዱ ጆንያ የኪሎ ሜትር ዋጋ ከፍ የሚለውም በዚሁ በመጨረሻው አጭር መንገድ ላይ ነው። የገጠሩ መንገድ አፈር ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ሲጥል ይጨቀያል፤ ማዳበሪያውን የሚያስፈልገው ዝናብ ራሱ መንገዱን ይዘጋበታል።

ይህን ችግር ወላይታ ቀደም ብላ ታውቀዋለች። በዓለም ባንክ ብድር በ1962 ዓ.ም. ገደማ ሶዶ ላይ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ዋዱ፣ ለአነስተኛ ገበሬዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ከማደሉ ጋር መንገድ መሥራትንና እህል መግዛትንም አብሮ ይዞ ነበር። ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገበሬው የሚገባበት መንገድ ምርቱ የሚወጣበትም መንገድ መሆኑን አስተውለው ነበርና። ዛሬ ማዳበሪያ የማከፋፈሉን ሥራ በዋናነት የያዙት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖቻቸው ናቸው።

ሌላው ደዌ የጥያቄው ማበጥ ነው። ገበሬው አንድ ኩንታል ይበቃኛል ሲል፣ እንዳይጐድል ተብሎ ቀበሌው ጥቂት ይጨምራል፤ ወረዳው በዚያ ላይ፣ ዞኑም በዚያ ላይ ያክላል። ሁሉም በቅን ልቡና ያደረገው ነው። ነገር ግን ድምሩ ላይኛው ቢሮ ሲደርስ የገበሬውን ቃል አይመስልም፤ ትርፉም መጋዘን ውስጥ ይከርማል። ዩሪያ እርጥበት ሲያገኘው ድንጋይ ሆኖ ይጋገራል፤ ስለዚህ ከወለሉ በእንጨት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ መደርደር፣ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ መውጣት አለበት።

በሞዴል 19 ገቢ የሆነው፣ በሞዴል 22 ወጪ የተደረገውና መሬት ላይ የሚቈጠረው ጆንያ ሲመሳከሩ፣ የተረፈው ስንት እንደ ሆነ ይታወቃል። ለወጣቱ የንብረት ሠራተኛ ይህ ቈጠራ አሰልቺ እንደሚመስለው እናውቃለን። የበዴሳ መጋዘን ቈጠራ ግን በግንቦትና በሰኔ ተጠናቆ፣ የአዲሱ ዓመት ጥያቄ ሳይጠቃለል ወደ ሶዶ መሄድ አለበት፤ በጥቅምት ከመጣ የሚቀነስበት ትእዛዝ አስቀድሞ ተፈርሟል።