ነርቩን ማን ገደለው?

ጥርስ ተሞርዶ የሴራሚክ ክራውን ሲለብስ፣ ሁለቱን የሚያያይዘው በመካከል የሚገባው ስስ ሲሚንቶ ነው። ለረጅም ዘመን ይህን ሥራ የያዘው የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት በፎስፎሪክ አሲድ ተለውሶ የሚዘጋጀው የዚንክ ፎስፌት ሲሚንቶ ነበር። ሐኪሙ በቀዘቀዘ መስታወት ላይ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመረ በሰፊው እየዘረጋ ያሸዋል፤ በአንድ ጊዜ ከጨመረው ይግላል፣ ቶሎም ይደርቃል። ገና እንደተለወሰ ኮምጣጣነቱ ከሎሚ ጭማቂ አያንስም።

ክራውን ከተገጠመላቸው ጥርሶች አንዳንዶቹ ቆይተው ይታመማሉ፤ ውስጣቸው ያለው ነርቭም ይሞታል። ጥፋቱ በአሲዱ ላይ ተላከከ። ግምቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረምና ተመራማሪዎች ለዘብ ያለ ሲሚንቶ ፍለጋ ገቡ። በ1968 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ላይ ዴኒስ ስሚዝ ፖሊካርቦክሲሌት የተባለውን አስተዋወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ለንደን ውስጥ አላን ዊልሰንና ብራያን ኬንት ግላስ አዮኖመርን ሠሩ። ሁለቱም ከጥርስ ጋር በኬሚካል የሚጣበቁ ናቸው።

ፍርዱን የሚያናጋው ማስረጃ ግን ቀደም ብሎ፣ በ1965፣ ወጥቶ ነበር። በአሜሪካ ካኬሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጀራልድ የተባሉ ተመራማሪዎች 36 አይጦች ወሰዱ። 21ዱ ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ዓይነት ጀርም በሌለበት ያደጉ ናቸው፤ 15ቱ እንደማንኛውም አይጥ ያደጉ። የሁሉንም የላይ መንጋጋ ጥርስ ነርቩ እስኪታይ ድረስ ቦረቦሩት፤ ከዚያም ምንም ሳይሞሉበት እንዲሁ ክፍት ተዉት። ምግብ እየገባ ጉድጓዱን ጠቀጠቀው።

በ8ኛው ቀን የተራዎቹ አይጦች ነርቭ መሞት ጀምሮ ነበር፤ መግልም ተከተለ። ጀርም በሌለባቸው አይጦች ግን አንድም ነርቭ አልሞተም። በ14ኛው ቀን ቁስሉን የሚዘጋ አዲስ የጥርስ አካል መሠራት ጀመረ፤ በአራተኛው ሳምንት ተዘግቶ ተገኘ። ክፍት የቀረ፣ ምግብ የታጨቀበት ቁስል ራሱን ጠግኗል! ልዩነቱ ባክቴሪያ ብቻ ነበር።

ታዲያ ሲሚንቶውስ? በ1987 ቻርልስ ኮክስና ባልደረቦቹ ዚንክ ፎስፌትን ጨምሮ የተለያዩ የጥርስ ማቴሪያሎችን በቀጥታ በተገለጠ የዝንጀሮ ነርቭ ላይ አደረጉ፤ ከላይም ባክቴሪያ በማያሳልፍ ሌላ ሲሚንቶ አሸጉት። ነርቮቹ ዳኑ። ዋናው ጥፋተኛ በክራውኑና በጥርሱ መካከል በሚቀር ክፍተት ሾልኮ የሚገባው ባክቴሪያ መሆኑ ታየ።

ይህ ሲሚንቶን ሁሉ ነፃ አያወጣም። ዛሬ ለሴራሚክ የሚመረጠው የሬዚን ሲሚንቶ በብርሃን ይጠነክራል፤ ሴራሚኩ ወፍራም ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ብርሃኑ በደንብ አይደርስበትም። ያልጠነከረው ቅሪት በላቦራቶሪ ሴሎችን ሲጎዳ ተስተውሏል። ስለዚህ ያለ ብርሃንም በኬሚካል የሚጠነክሩ ዓይነቶች ተሠርተዋል። በእኔ እምነት ግን ከሲሚንቶው ስም ይልቅ የክራውኑ ልክ መግጠም ይቀድማል።

ክራውንዎ ከተነቃነቀ ወይም ከወለቀ ገበያ በሚሸጥ ማጣበቂያ አይለጥፉት። ይዘውት በቶሎ ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂዱ።