ከጀርወል አምባ እስከ መዲና፦ የሐረመይን ባቡርና የሂጃዝ ተራሮች

በመካ ከተማ የሚገኘው የጀርወል ሰፈር የመንገደኛ ማረፊያነቱ የቆየ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መካ ሲመጡ እንዳደሩበትና እንደታጠቡበት በሐዲስ የተዘገበው ዚ ጡዋ የሚገኘው በዚሁ ስፍራ ነው። በዚያ ዘመን ከመዲና የሚነሣ ቅፍለት መካ ለመድረስ ከአንድ ሳምንት በላይ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በሩሰይፋ ከሚገኘው ጣቢያ የሚነሣው የሐረመይን ፈጣን ባቡር ያንኑ ርቀት በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያጠናቅቃል።

ሁለቱን ቅዱሳን ከተሞች በሐዲድ የማገናኘት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ከደማስቆ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1908 መዲና የደረሰው የሂጃዝ ባቡር እስከ መካ እንዲቀጥል ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን አልተሳካም። ዕቅዱ በተግባር የታየው ከ110 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የሐረመይን መስመር ሲመረቅ ነው። መስመሩ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መካን፣ ጂዳን፣ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አውሮፕላን ማረፊያን፣ በራቢግ የሚገኘውን የንጉሥ ዐብዱላህ የኢኮኖሚ ከተማንና መዲናን ያገናኛል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

እያንዳንዱ ባቡር 417 መቀመጫዎች አሉት። በቢዝነስ ማዕረግ የሚጓዝ ሰው ሰፊ ወንበርና ምግብ ይቀርብለታል፤ በኢኮኖሚ ማዕረግ ያለውም ከባቡሩ ካፌ ቡናና ሻይ መግዛት ይችላል። ወንበሩ በዋጋ ቢለያይም በመስኮት የሚታየው ተራራ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ባቡሩ ከመካ ድንጋያማ ተራሮች ወጥቶ ወደ ጂዳ ሲወርድ መሬቱ እየተዘረጋ ይሄዳል። ከጂዳ በኋላ በቀይ ባሕር ዳርቻ ሜዳ ወደ ሰሜን ያመራል፤ በዚህ ጊዜ በቀኝ መስኮት በኩል የተቀመጠ መንገደኛ የሂጃዝ ተራሮችን በሩቁ ይመለከታል። ከራቢግ በኋላ ሐዲዱ ከባሕሩ እየራቀ፣ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወደምትገኘው መዲና ይወጣል። በመዲና አካባቢ መሬቱን የሚያጠቁረው የሐረት ራሃት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እሳተ ገሞራው ከከተማይቱ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1256 ፈንድቶ ነበር።

ይህ ጉዞ ለኢትዮጵያውያን ሌላ ባቡር ያስታውሳል። ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ከቆላ ወደ ደጋ እየወጣ በየጣቢያው ይቆም ነበር፤ መንገደኛውም በመስኮት ፍራፍሬ ይገዛ ነበር። የሐረመይን ባቡር መስኮት አይከፈትም፤ ይሁንና ቆላውን ትቶ ወደ ተራራ የመውጣት ደስታ በሁለቱም አለ።

ጉዞውን ያሰበ ሰው ትኬቱን አስቀድሞ ቢቆርጥ፣ መታወቂያውን ወይም ኢቃማውን ቢይዝና የቀን ጉዞ ቢመርጥ ይጠቀማል፤ በሌሊት ተራራው አይታይም። ወደ መካ መግባት ለሙስሊሞች ብቻ የተፈቀደ በመሆኑ ሌሎች መንገደኞች ከጂዳ መነሣት ይኖርባቸዋል።

ዓመቱን ሙሉ በሥራ ደክሞ ደመወዙን ለቤተሰቡ ለሚልክ ሠራተኛ የዕረፍት ቀን ውድ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል እጁን አሳርፎ፣ ተራራ እያየ ተጉዞ የሚደርስበት ቀን፣ በየትኛውም ማዕረግ ቢቀመጥ፣ ለእርሱ የምቾት ጉዞ ነው።