በበርሜል የቆየ ናፍጣ ለጀነሬተር ይሆናል?

ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ ግን ሳትፈትሹ አትሙሉ።

በደንብ ተከድኖ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ንጹሕ ናፍጣ ከ6 እስከ 12 ወር ይቆያል። ዋና ጠላቱ ውሃ ነው። በጎደለ በርሜል ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ረቂቅ ተሕዋስያን ተባዝተው ፊልትሮ የሚደፍን ጥቁር አተላ ይሠራሉ።

እንዲህ ፈትሹ፦

1. ከበርሜሉ ግርጌ በብርጭቆ ጠርሙስ ቅዱና አሳድሩት።
2. ጠርቶ ካደረ ተጠቀሙበት።
3. ከደፈረሰ፣ ውሃ ከለየ ወይም አተላ ከዘቀጠ ጀነሬተሩ ውስጥ አትጨምሩት።

የክሊኒክ ጀነሬተር የምትጠብቁ ደግሞ አደራ፦ መብራት በጠፋበት ሰዓት ሞተሩ ከቆመ አደጋው በታካሚው ላይ ነው። በርሜላችሁን ዛሬውኑ ፈትሹ።