ጉግሊ፦ በእጅ አንጓ የምትሠራ ተንኮል

የክሪኬት ፈጣን ወርዋሪ ኳሷን በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፋታል። ኳሷን እያሾረ የሚወረውረው ስፒነር ግን ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 90 ባለው ይወረውራል፤ ለጥሩ መቺ ይህ ፍጥነት ምኑም አይደል። ጭንቁ ሌላ ነው፤ ኳሷ መሬት ነጥራ ስትነሳ ወዴት ትታጠፍ ይሆን?

በአንጓ በሚሾረው በተለመደው ሌግ ስፒን ጠቋሚና መሀል ጣት የኳሷን ስፌት አቋርጠው ይይዛሉ፤ የቀለበት ጣት ታጥፎ ስፌቱን ይደገፋል፤ ይበልጡን የሚያሾራትም እሱ ነው። ኳሷ ነጥራ ከቀኝ እጅ መቺ እግር በኩል ወደ ውጭ ትሸሻለች። ጉግሊ ሲሆን አያያዙ ያው፣ ሩጫው ያው፣ የክንዱ አዟዟር ያው ነው። አንጓው ብቻ ትንሽ አልፎ ይጠመዘዝና ኳሷ ስትለቀቅ የእጁ ጀርባ ወደ መቺው ይሆናል። ያን ጊዜ ኳሷ ወደ ውስጥ ታጥፋ ከጀርባው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ትፈልጋለች።

ይህን ያመጣው እንግሊዛዊው በርናርድ ቦሳንኬት ነው። መነሻው የቴኒስ ኳስ ጠረጴዛ ላይ አንጥሮ ማዶ የተቀመጠው ሰው እንዳይቀልባት የማድረግ ጨዋታ ነበር። በ1900 እ.ኤ.አ. ለንደን ሎርድስ ሜዳ ላይ መቺው ሳሙኤል ኮ 98 ነጥብ አስቆጥሮ መቶ ሊሞላ ሁለት ሲቀረው በጉግሊ ወጣ። ኳሷ አራት ጊዜ ነጥራለች ይባላል፤ የሚያኮራ ጅማሬ አልነበረም።

በ1948 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊው መቺ ዶናልድ ብራድማን የመጨረሻ ቴስት (የአገሮች) ግጥሚያውን ሊጫወት ለንደን ኦቫል ሜዳ ገባ። የቴስት ነጥቡ አማካይ 100 እንዲሞላ 4 ነጥብ ይበቃው ነበር። ወርዋሪው ኤሪክ ሆሊስ በሁለተኛዋ ኳስ ጉግሊ ላከበትና በባዶ ወጣ፤ አማካዩ 99.94 ላይ ቀረ።

እንደ እኔ ግን ጉግሊ ይበልጥ የምትጠቅመው ሳትወረወር ነው። አንዴ የተሸወደ መቺ ቀጥሎ የምትመጣለትን ተራ ሌግ ስፒን እንኳ በልበ ሙሉነት አይመታም።

በጣት የሚያሾሩት ኦፍ ስፒነሮችም የራሳቸው ተንኮል አላቸው። ዱስራ ትባላለች፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቃት ፓኪስታናዊው ሳቅላይን ሙሽታቅ ነው። የታጠፈ ክርንን ሳይዘረጉ መወርወሯ ከባድ ስለሆነ ላቦራቶሪ ገብተው የተለኩ ወርዋሪዎች አሉ፤ ደንቡ ከ15 ዲግሪ በላይ መዘርጋትን አይፈቅድም።