ኦክቶፐስ ቶሎ ስለሚራባ አያልቅም?

ስለ ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ከትልፊሽ ሲወራ “ቶሎ ያድጋሉ፣ በብዛት ይራባሉ፤ ምን ያህል ቢያዙ አያልቁም” ሲባል እንሰማለን። ግማሹ እውነት ነው። ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ነው።

በኮራል መካከል ከቀይ ባሕር እስከ ሃዋይ የሚኖረውን፣ በቀን የሚያድነውን ኦክቶፐስ እንመልከት። ዕድሜው ከአንድ ዓመት ብዙ አይዘልም። እናቲቱ እንቁላሏን ጉድጓዷ ውስጥ ትጥልና ምግብ ሳትቀምስ ትጠብቃለች፤ ሲፈለፈሉላት ትሞታለች። የምትራባው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ከተያዘች ዘር ሳትተካ አለቀች። ብዙ ዓሦች ለዓመታት ደጋግመው ይራባሉ፤ ኦክቶፐስ ግን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም። የዘንድሮ እናቶች ከተለቀሙ የከርሞው ይጎድላል።

“በዓለም ዙሪያ እየበዙ ነው” የሚለውም መሠረት አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ1953 ጀምሮ የኦክቶፐስ፣ የስኩዊድና የከትልፊሽ ቁጥር እየጨመረ መምጣቱን አሳይቷል። ነገር ግን የዓለም ድምር ለአንድ መንደር ባሕር ዋስትና አይሆንም።

ታዲያ እንዲተኩ ማጥመጃው ለጊዜው ይዘጋ ሲባል፣ “ባሕር ከተዘጋ አጥማጁ ጦሙን ያድራል” የሚለው ፍርሃት ተገቢ ነው፤ መልሱን የሰጡት ደግሞ ራሳቸው አጥማጆች ናቸው። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር ቬዞ የተባለው ሕዝብ ሴቶች ባሕሩ ሲሸሽ በኮራሉ ላይ በእግራቸው እየሄዱ ኦክቶፐስ ይፈልጋሉ። እንስሳው ቀለሙን ከድንጋዩ ጋር ያመሳስላል፤ የሚያጋልጠው ደጃፉ ላይ የጣለው የሸርጣን ቅርፊት ነው። ያን ያየች ሴት የብረት ዘንጓን ወደ ጉድጓዱ ትሰዳለች። በ2004 እ.ኤ.አ. የአንዳቫዶአካ መንደር ከማጥመጃው አንዱን ክፍል ብቻ ለጥቂት ወራት ዘጋ፤ ሌሎች መንደሮችም ተከተሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 36 እንዲህ ያሉ መዝጊያዎችን መርምሯል። ከተከፈቱ በኋላ ባለው ወር ከነዚያ ቦታዎች የተያዘው ኦክቶፐስ ከ700 በመቶ በላይ ጨምሯል። የተዘጋው ከመንደሩ ማጥመጃ ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ በዝጊያው ወራት የመንደሮቹ ገቢ ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም።

የመክፈቻው ቀን ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሁሉም በአንዴ ከዘመተበት የወራቱ ትዕግሥት በጥቂት ቀናት ይበላል። ስለዚህ መዝጋት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ትንንሾቹን መተውም ግድ ነው። ማዳጋስካር በ2005 እ.ኤ.አ. ከ350 ግራም በታች የሆነ ኦክቶፐስ እንዳይያዝ በሕግ ከልክላለች።