ከጥግ የሚጀመር ማቀፊያ

ሹራብ መሥራት ገና የጀመረች ሴት እህቷ ወይም ጓደኛዋ እንዳረገዘች ስትሰማ ቶሎ የሚመጣላት የሕፃን ካልሲ ነው። ትንሽ ስለሆነ ቀላል ይመስላታል። ነገር ግን ተረከዝ ማዞር፣ ጣቱ ጋ መቀነስ፣ ጫፍና ጫፉን መግጠም፣ ጀማሪን የሚያስቸግረው ነገር ሁሉ እዚያች መዳፍ የማትሞላ ሥራ ላይ ተጨናንቋል። በዚያ ላይ ጥንድ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እኩል መውጣት አለበት። አንዲት ጎረቤቴ የጀመረችው ካልሲ ጓደኛ ሳያገኝ ልጁ ቆሞ ሄደ።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው አራት ማዕዘን ማቀፊያ ነው፤ ያውም ከጥግ የሚጀመረውን። ባለ 4 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር፣ 50 ግራም የሚመዝኑ ስድስት ጥቅሎች ይበቃሉ። መሐል ላይ ስፋቱ ከሁለት መቶ ቀለበት ሊያልፍ ስለሚችል፣ በረጅም ገመድ የተያያዘው መርፌ ከቀጥታው ይሻላል።

ሦስት ቀለበት ጀምሩ። በየረድፉ መጀመሪያ ላይ ከአንዱ ቀለበት ሁለት አውጡ፤ የቀረውን ሁሉ በዚያው በመጀመሪያ በተማራችሁት አሠራር ጨርሱት። ሥራውን ገልብጣችሁ ይህንኑ ድገሙ። ሦስተኛው ጥቅል ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ማብዛቱን ትታችሁ በየረድፉ መጀመሪያ ሁለት ቀለበት አንድ ላይ ሥሩ። ክሩ ሲያልቅ አራተኛው ጥግ ላይ ትደርሳላችሁ። መቁጠርም ሆነ ቀድሞ መለካት አያስፈልግም።

አራት ማዕዘኑ ለምን እንደማይጣመም ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ረድፉ ሁሉ በአንድ ዓይነት አሠራር ሲሠራ፣ ሁለት ረድፍ አንድ ሸንተረር ያወጣል። የዚህ ሸንተረር ቁመት ከአንድ ቀለበት ስፋት ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። በሁለት ረድፍ ውስጥ ደግሞ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ ቀለበት ጨምራችኋል። ስለዚህ ሁለቱም ጠርዝ 45 ዲግሪ እየሰፋ ይሄዳል፤ ሲደመር 90፣ ትክክለኛ ጥግ ማለት ነው። ፊቱ ልሙጥ፣ ጀርባው ሸካራ በሆነው በተለመደው የሹራብ አሠራር ይህ አይሆንም፤ እዚያ ቀለበቱ ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ ይበልጣል፤ ዳሩም ይጠቀለላል። የሸንተረሩ ሥራ ግን ተዘርግቶ ይተኛል፣ ሁለቱም ገጽ አንድ ነው፣ ሕፃኑ በየትኛውም በኩል ቢታቀፍበት ያምራል። ይህን የጀማሪ ሥራ ነው ብለው የሚንቁት ባለሙያዎች ያሳዝኑኛል።

ጠርዙ ላይ ለጌጥ ቀዳዳ የሚተዉ አሉ፤ ለጨቅላ የሚሠራ ከሆነ ይቅር። ትንንሽ ጣቶች ይገቡበታል። ቁልፍና ረጅም ጥብጣብም አታድርጉበት። ደግሞም ማቀፊያው የጭንና የእቅፍ እንጂ የመኝታ አይደለም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልቅ ብርድ ልብስ ከጨቅላ መኝታ እንዲርቅ ይመክራል።

ክር ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። የመንዝ በግ ሱፍ ለባናና ለበርኖስ የታወቀ ነው፤ ለአራስ ገላ ግን ይሻክራል። ገበያ ላይ ምልክት የሌለው ክር ሲያጋጥማችሁ ትንሽ ቆርጣችሁ፣ ከዕቃ ርቃችሁ በክብሪት ፈትኑት፤ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ለልጅ ልጅ ይቆይ ካላችሁ ሱፍን ብል እንደሚበላው አትርሱ፤ ከማስቀመጣችሁ በፊት ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ተራ ሱፍ በሙቅ ውኃ ቢታሽ ደግሞ ተኮማትሮ ይደድራል። አራስ ጠያቂ ሆኖ ሄዶ፣ እንዴት እንደሚታጠብ ሳይናገር በእጅ የተሠራ ሹራብ አስቀምጦ የሚመለስ ሰው ሥራውን ራሱ ያበላሻል።

ለመውለጃዋ ቀን ብላችሁ አትጣደፉ። ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነውና ጊዜ አላችሁ። ስድስቱን ጥቅል ግን በአንድ ቀን፣ አንድ የማቅለሚያ ዙር ቁጥር ካለው ግዙ፤ ኋላ የምትገዙት ተመሳሳይ መስሎ መሐሉ ላይ መስመር ያወጣል።