እጅ ሲሠራ ምላስ ይፈታል



ባለፈው ሳምንት ትምህርት ካለቀ በኋላ አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። ከነጠላቸው ሥር የልጃቸውን ደብተር አውጥተው አሳዩኝ። ልጅቱ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ ተሞልቷል። ጽሑፉ ያምራል። ልጅቱን ጠርቼ «ይህ ምን ማለት ነው?» አልኋት። አንገቷን ደፋች። አላወቀችውም። ከሰሌዳ የገለበጠችው ነበር።

እናትየው አዘኑ። «እኔ ፊደል የለየሁት ዘንድሮ ነው። እንግሊዝኛ ከየት አምጥቼ ላግዛት? በእኔ አለማወቅ ልጄ ወደ ኋላ ልትቀር ነው?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አይደለም። የብዙዎቻችሁ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ መልስ ይሁን። መልሱን መጀመሪያ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ካደግሁበት ሰፈር፣ ከመርካቶ ነው።

መርካቶ የሚለውን ቃል ማን አስተማረን?

መርካቶ በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ትልቅ ገበያ ነው። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ እዚያው ናቸው። ቀድሞ የከተማው ትልቅ ገበያ አራዳ ነበር። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ወደዚህ ተዛወረ። ስሙም መርካቶ ተባለ። መርካቶ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው።

ታዲያ ይህን የባዕድ ቃል ለሕዝቡ ማን አስተማረው? ሰሌዳ አልተሰቀለም። ደብተር አልታደለም። ሰው እየሸጠና እየገዛ ለመደው። መኪና፣ ጎማ፣ ፋብሪካ የምንላቸውም ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ ግን የእኛ ሆነዋል። መካኒኩ ካቻቢቴ የሚለውን ቃል የተማረው ብሎን ሲፈታ ነው። ቃሉ ከሥራው ጋር መጣ። ስለዚህ ከአፉ አልጠፋም።

በመርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃና ልዩ ልዩ ዕቃ ይሆናል። ሥራ ለመልመድ የመጣን ልጅ ማንም የመሣሪያ ስም አያስጽፈውም። «ያን መዶሻ አቀብለኝ» ይሉታል። ቢሳሳት «ይህ ሳይሆን ያኛው» ይሉታል። በሁለተኛው ቀን ያውቀዋል። ቋንቋም እንዲሁ ነው።

የካርቶን ገበያ

በአንድ ክረምት እኔና ጓደኞቼ የሰፈራችንን ልጆች ሰብስበን እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ሥራችን አላማረም። ሃያ ቃላት በሰሌዳ ጽፈን «ተከተሉን» አልናቸው። ጮኹ። በማግስቱ ስንጠይቃቸው ሁሉም ረስተውታል። አንዳንዶቹም ሾልከው ኳስ ሊጫወቱ ሄዱ። እኛን ያስተማሩን በዚሁ መንገድ ነበር። የምናውቀውም እሱኑ ብቻ ነበር።

ከዚያ አንዱ ጓደኛችን ከመርካቶ ባዶ ካርቶኖች ተሸክሞ መጣ። «ልጆቹ የገበያ ልጆች ናቸው። ለምን ገበያ አይሠሩም?» አለ። ልጆቹ ካርቶኑን ቆርጠው ሱቅ ሠሩ። አንዱ የጫማ ተራ፣ አንዱ የእህል ተራ፣ አንዷ የድስት ተራ አቆመች። ዕቃውን በወረቀት ሣሉ። ስሙን በእንግሊዝኛ ጻፉበት። ከወረቀት ብር ቆረጡ።

ያስተማርናቸው ጥቂት ነው። የአምስት ዕቃ ስም፣ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር፣ አንድ ጥያቄም «ሃው ማች?» የሚል። ትርጉሙ «ስንት ነው?» ማለት ነው። ሕጉም አንድ ብቻ ነበር። በእንግሊዝኛ ያልጠየቀ አይገዛም።

ከልጆቹ መካከል አንድ ዝምተኛ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ማስቲካና ሶፍት ይሸጣል። ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ አያውቅም። የካርቶን ሱቁ ፊት ሲቆም ግን ሌላ ሰው ሆነ። «ቴን ብር! ቴን ብር! ከም! ከም!» እያለ ገዢ ይጠራ ጀመር። ገበያ መጥራት ሙያው ነዋ! ያላወቅነው እኛ ነን።

በሁለተኛው ቀን ችግር ገጠመን። ልጆቹ ዋጋ ሲከራከሩ ወደ አማርኛ ገቡ። «ኧረ በዛ! ቀንስልኝ!» ይባባላሉ። ልንቆጣ ስንል አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «‹በዛ› በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» አለች። «ቱ ማች» አልናት። ገበያው ወዲያው «ቱ ማች! ቱ ማች!» በሚል ጩኸት ተሞላ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ቀድሞ ልጆቹ የማይፈልጉትን ቃል እኛ እንሰጣቸው ነበር። አሁን የሚፈልጉትን ቃል እነሱ ይጠይቁናል። ተርቦ የጠየቁት ቃል አይረሳም።

በመጨረሻው ቀን እናቶች ገዢ ሆነው መጡ። አብዛኞቹ እንግሊዝኛ አያውቁም። ልጆቹ እናቶቻቸውን «ሃው ማች በይ እንጂ፣ እማዬ!» እያሉ አስተማሯቸው። ሰው ያወቀውን ለሌላ ሲያስተምር እውቀቱ ይጸናል።

በጃፓን አገርስ?

ይህ የመርካቶ ልጆች ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኋላ ሳነብ በሩቅ አገርም እንደሚሠራበት አወቅሁ። በመርካቶ መኪና ዕቃ ሱቆች የጃፓን ስም ይሰማል። የጃፓን ሕዝብ ከ1ኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው የሚማረው በራሱ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ለእነሱም እንደ እኛ የባዕድ ቋንቋ ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የጃፓን ልጆች እንግሊዝኛን በ3ኛ ክፍል ይጀምራሉ። ጊዜው በዓመት 35 ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ስለዚህ በ3ኛና በ4ኛ ክፍል ትምህርቱ በመስማት፣ በመናገርና በመሥራት ላይ ያተኩራል። የ3ኛ ክፍል ልጆች በወረቀት ኮከብና ክብ ቆርጠው ለጓደኛቸው ካርድ ይሠራሉ። የሚያስፈልጋቸውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ጠይቀው ይቀበላሉ። የ4ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ይጫወታሉ። ከጓደኛቸው በእንግሊዝኛ ይገዙና የሚወዱትን ምግብ በወረቀት ይሠራሉ። እነሆ፣ ያው የእኛው የካርቶን ገበያ ነው።

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ወስኗል። በ2ኛ ደረጃ ደግሞ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ከጃፓን ይልቅ ይከብዳል። ሲገለብጥ የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሁሉም ትምህርት ይጨልምበታል። የዚያን ጊዜ ሰው «ልጁ ሰነፍ ነው» ይላል። ልጁ ግን ሰነፍ አልነበረም።

እናንተ በቤታችሁ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የባቄላ ደብተር። በአሮጌ ጣሳ አፈር ሙሉ። ሥሩን ቀዳዱት። ልጁ ባቄላ ይዝራበት፤ ውኃ ያጠጣው። በየቀኑ ያየውን ይሣል። ከሥዕሉ ሥር በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የቸገረውን ቃል መምህሩን ይጠይቅ። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ባቄላው ብቅ ይላል። ደብተሩም መጽሐፍ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የገበያ ጨዋታ። ድንች፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል ደርድሩ። ልጁ ሻጭ ይሁን። እናንተ ገዢ ሁኑ። ጥያቄውን እሱ ያስተምራችሁ።

ሦስተኛ፣ የሁለት እጅ መጽሐፍ። ልጁ ላሙን፣ ዶሮውን፣ ቤቱን ይሣል። በእንግሊዝኛ ስሙን ይጻፍ። ከሥሩ እናንተ በአማርኛ ጻፉ። እዚህ ላይ የእናንተ ትምህርት ሥራ ላይ ይውላል።

ሁለት ማሳሰቢያም አለኝ። ልጅ ሲሳሳት አትሳቁበት። የተሳቀበት ልጅ አፉን ይዘጋል። ደግሞም የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ አይተው። ጨዋታው መጽሐፉን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

እኚያ እናት ትናንት ተመልሰው መጡ። ከልጃቸው ጋር የሠሩትን የመጀመሪያ ገጽ ይዘዋል። ልጅቱ ዶሮ ሥላ «ሄን» ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋለች። ከሥሩ እናትየው «ዶሮ» ብለው ጽፈዋል። ፊደሉ ትንሽ ዘመም ይላል። ልጅቱን «ይህ ምን ማለት ነው?» አልኋት። አንገቷን አልደፋችም። «የእኛ ዶሮ ናት!» አለችኝ።

ተወያዩበት

1. መርካቶ የሚለው ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው?
2. ዝምተኛው ልጅ በካርቶን ገበያው ለምን ተናገረ?
3. በቤታችሁ ያለ ምን ነገር ለልጆቻችሁ መማሪያ ሊሆን ይችላል?
4. በዚህ ሳምንት ከልጃችሁ ጋር አንድ ገጽ ሠርታችሁ ወደ ክፍል አምጡ።